ብሩህ፣ ስለታም፣ «እንቁላል ራስ»፦ እንግሊዝኛ አዋቂዎቹን ሲያሞግስና ሲሰድብ

አንድ ሰው ጭንቅላት እንዳለው በእንግሊዝኛ ለመናገር የቃል ችግር የለም። «ብራይት» ሲሉት ብሩህ ነው፣ «ሻርፕ» ሲሉት ስለታም፣ «ኩዊክ» ሲሉት ፈጣን። «ሻርፕ አዝ ኤ ታክ» ካሉት ሹልነቱ እንደ ሚስማር ነው። አእምሮው ዘገም የሚል ከሆነ ደግሞ «ከመሳቢያው ቢላዎች ሁሉ ስለታሙ እሱ አይደለም» ብለው ፈገግ እያሉ ይሸነቁጡታል። ብርሃን፣ ስለት፣ ፍጥነት… እኛም «ብሩህ አእምሮ»፣ «ፈጣን ልጅ» ስለምንል እስከዚህ ድረስ ከፈረንጆቹ ጋር አንጣላም።

ነገሩ የሚገርመው ወደ ኋላ ሄደን የቃላቱን የሕይወት ታሪክ ስንመለከት ነው። በሙገሳ ተወልዶ በስድብ ያረጀ ቃል አለ። በስድብ ተወልዶ ሲያረጅ የተከበረም አለ። አንድ ማኅበረሰብ አዋቂውን መቼ እንዳከበረ፣ መቼ እንደፈራ፣ መቼስ እንደሳቀበት ለማወቅ የሕግ መጽሐፉን ከማገላበጥ ይልቅ ስድቡን መመርመር ሳይሻል አይቀርም። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማወቅ ተንኮል የሆነበት ዘመን

ከጥንቱ እንጀምር። «ዊት» የሚለው ቃል ዛሬ ቀልድ አዋቂነትን፣ የአንደበት ፍጥነትን ይገልጻል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን አእምሮ፣ ማስተዋል ማለት ነበር። ከኖርማን ወረራ፣ ማለትም ከ1066 በፊት የእንግሊዝ ነገሥታትን የሚያማክረው ጉባኤ «ዊተናጌሞት» ይባል ነበር፤ የአዋቂዎች ሸንጎ እንደማለት።

«ካኒንግ»ን ደግሞ ውሰዱት። ዛሬ አንድን ሰው በዚህ ቃል ከጠራችሁት መሰሪ፣ ተንኮለኛ ማለታችሁ ነው። ሥሩ ግን «ማወቅ» ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ኤሳውን ጎበዝ አዳኝ ነው ለማለት የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። የመገናኛውን ድንኳን የሠሩት ባለሙያዎችም በዚሁ ቃል ተመስግነዋል። «ክራፍቲ»ም እንደዚያው ነው። ሥሩ ብርታትና የእጅ ሙያ ነበር፤ ዛሬ ያው ተንኮለኛ ማለት ሆኗል።

ምን ተፈጠረ? አንድ ፍንጭ ከገጠሩ እናገኛለን። በእንግሊዝ መንደሮች «ካኒንግ ማን»፣ «ካኒንግ ውመን» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ቅጠል በጥሰው ያክማሉ፣ የጠፋ ዕቃ ይፈልጋሉ፣ ድግምት ይፈታሉ። ጎረቤት በቀን ይፈራቸዋል፣ በማታ ደጃቸውን ያንኳኳል። በ1542፣ በ1563 እና በ1604 የወጡት የጥንቆላ ሕጎች ደግሞ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ወንጀል አደረጉት። «ዊዛርድ» የሚለው ቃል ራሱ «ዋይዝ» ከሚለው፣ ማለትም ከጠቢብ የመጣ ነው። መጀመሪያ ፈላስፋ ማለት ነበር፤ በኋላ ግን ጠንቋይ ሆኖ ቀረ። መጽሐፍ የሌለው፣ ማዕረግ የሌለው፣ ግን የሚያውቅ ሰው ያስፈራል። ፍርሃቱም ቃሉ ላይ ያርፋል።

በተቃራኒው መንገድ የተጓዙም አሉ። «ሽሩድ» ዛሬ አርቆ አሳቢ፣ ነገር የሚገባው ማለት ሲሆን ሲወለድ ግን ክፉ ማለት ነበር። «ስማርት» መጀመሪያ የቁስል መጠዝጠዝ ነበር። ዛሬም ጭስ የገባበት ዓይን በእንግሊዝኛ «ስማርት» ያደርጋል። ከሕመሙ ሹልነት ወደ አንደበት ሹልነት፣ ከዚያም ወደ አእምሮ ተሻገረ። አሜሪካኖች ጎበዝ ለማለት ሲወስዱት እንግሊዞች ግን በአብዛኛው አለባበሱ ያማረ ለማለት አስቀሩት። ከሁሉ የሚያስቀው ግን «ናይስ» ነው። ከላቲን ሲመጣ «የማያውቅ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ደግ፣ ጥሩ ሰው ማለት ሆኗል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የሚያውቀው መሰሪ ሲባል የማያውቀው ደግ ተባለ!

ሰማያዊ ካልሲ የለበሰው ወንድ ነበር

አሁን ወደ ለንደን፣ ወደ 1750ዎቹ። ኤልሳቤጥ ሞንታጉ የምትባል ባለጸጋ ሴት እንግዶቿን ወደ ቤቷ ትጠራለች። ካርታ ጨዋታ የለም፤ ወሬው ስለ መጻሕፍት ነው። ሴትና ወንድ እኩል ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ቤንጃሚን ስቲሊንግፍሊት የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። እንደ ወጉ ጥቁር የሐር ካልሲ ማድረግ ሲገባው ተራ ሰማያዊ የሱፍ ካልሲውን አድርጎ ይመጣል። ማንም ቅር አላለውም። ስብስቡም በዚያው «ብሉስቶኪንግ» ተባለ፤ ሰማያዊ ካልሲ ማለት ነው። ትርጉሙም «እዚህ ቤት የሚታየው ልብስህ አይደለም» የሚል የክብር ቀልድ ነበር።

ከስብስቡ አባላት አንዷ ኤልሳቤጥ ካርተር በ1758 የግሪኩን ፈላስፋ የኤፒክቴተስን ሥራዎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ አሳተመች። በ1778 ሪቻርድ ሳሙኤል የተባለ ሠዓሊ እሷንና ሞንታጉን ጨምሮ ዘጠኝ የዘመኑን ባለሙያ ሴቶች እንደ ግሪክ የጥበብ አማልክት አድርጎ ሣላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ቃሉ ተገለበጠ። ወንዶቹን ለቀቀና ሴቶቹ ላይ ብቻ ተጣበቀ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን «ብሉስቶኪንግ» ማለት መጽሐፍ ያነበበች፣ ስለዚህም ደረቅ፣ ስለዚህም የማታገባ ሴት ማለት ሆነ። ካልሲው የወንድ፣ ስድቡ የሴት! ወንድ ሲያነብ ሊቅ ይባላል፣ ሴት ስታነብ ባል አጣች ይባላል። (ይህ አባባል ለጆሯችን እንግዳ ነው የምትሉ እህቶቼ እጃችሁን አውጡ።)

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው የካምብሪጅ የሴቶች ኮሌጅ ገርተን የተከፈተው በ1869 ነው። በ1897 ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ ተቃዋሚ ወንድ ተማሪዎች ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት አሻንጉሊት ሠርተው ከአደባባዩ በላይ ሰቀሉ። ድምፁም ተሸነፈ። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ የሰጠው በ1920፣ ካምብሪጅ ደግሞ በ1948 ነው። ከገርተን መከፈት እስከ ዲግሪው ሰባ ዘጠኝ ዓመት! ሴቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ይማሩ ነበር፣ ይፈተኑ ነበር፤ ሙሉ ዲግሪው ብቻ ነበር የተነፈጋቸው።

ስድቡን መልሰው የነጠቁትም አሉ። በ1911 ሂራትሱካ ራይቾ የተባለች ጃፓናዊት ከጓደኞቿ ጋር የሴቶች መጽሔት ስትመሠርት ስሙን «ሴይቶ» አለችው። ሰማያዊ ካልሲ ማለት ነው፤ በጃፓንኛ።

ግንባር ሲለካ፣ ሰው ሲመዘን

«ሃይብራው» የሚለውን ቃል ሳትሰሙት አትቀሩም። ረቂቅ ሙዚቃና ከባድ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ማለት ነው። ቃል በቃል ሲሆን «ከፍ ያለ ግንባር»። ከየት መጣ? ፍራንዝ ጆሴፍ ጋል የተባለ ሐኪም በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሰው ጠባይና ችሎታ ከራስ ቅሉ ቅርጽ ይነበባል ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ውሸት መሆኑ ቢረጋገጥም ቃሉ ግን ተረፈ። ሰፊ ግንባር ያለው «ሃይብራው»፣ ጠባብ ግንባር ያለው «ሎውብራው» ሆነ።

በግንባር መቀለድ ቀላል ይመስላል። አደጋው የመጣው አእምሮ በቁጥር ይለካል የሚለው ሐሳብ ሲከተል ነው። የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን በ1869 ስለ «ጂኒየስ» መወረስ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። «ጂኒየስ» በላቲን እያንዳንዱን ሰው ከልደቱ ጀምሮ የሚጠብቅ መንፈስ ነበር፤ ሁሉም ሰው አንድ አንድ አለው። በጋልተን እጅ ግን ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚወርሱት ሀብት ሆነ። ጋልተን በዚያው መጽሐፉ ሕዝቦችን በደረጃ ሲያስቀምጥ አፍሪካውያንን ከእንግሊዞች ሁለት ደረጃ ዝቅ አደረጋቸው። በ1883 ደግሞ «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማራባት ማለት ነው።

በ1905 ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን የአእምሮ ፈተና አዘጋጁ። የቢኔ ዓላማ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ለይቶ ለመርዳት ነበር። አእምሮ የማይለወጥ ነው የሚሉትንም በጽሑፉ ተቃውሟል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ ግን ፈተናውን ወደ አገሩ ወስዶ ሰው መደርደሪያ አደረገው። በ1910 ከግሪክ ቋንቋ ተበድሮ «ሞሮን» የሚል ቃል ፈጠረ። አዎ፣ ዛሬ በየፊልሙ የምንሰማው ስድብ መጀመሪያ የሳይንስ ቃል ነበር። «ኢዲየት» እና «ኢምቤሳይል»ም በዚያን ጊዜ የሐኪም ቃላት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደረጃ ነበራቸው።

ካሪ በክ ድሃ የቨርጂኒያ ልጅ ነበረች። በአሳዳጊዎቿ ዘመድ ተደፍራ አረገዘች። አሳዳጊዎቿ ነውሩን ለመሸፈን በ1924 አእምሮዋ ደካማ ነው አስብለው ወደ መንግሥት ማቆያ አስገቧት። እናቷም እዚያው ነበረች። ግዛቲቱ ልታመክናት ወሰነች፤ ጉዳዩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግንቦት 1927 ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ሲሆኑ እናቷን፣ ካሪንና ገና ሕፃን የነበረችውን ልጇን ቆጥረው በዚያ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ደካማ አእምሮ ይበቃል የሚል ፍርድ ሰጡ። ሕፃኗ ቪቪያን ትምህርት ቤት ስትገባ በውጤታቸው ከሚመሰገኑት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ገባች። በስምንት ዓመቷ በሕመም ሞተች። በቨርጂኒያ ወደ ስምንት ሺህ፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከስልሳ ሺህ በላይ ሰዎች እንዲህ ባሉ ሕጎች መክነዋል። የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ይቅርታ የጠየቁት በ2002 ነው።

«ጎበዝ» የሚባለውን ሰው በመንግሥት ማኅተም መለየት ሲጀመር «ደደብ» የሚባለውንም በማኅተም መለየት ይመጣል። ካሪ በክ የዚህ ዋጋ ከፋይ ናት።

እንቁላል ራስ በምርጫ ሲወድቅ

በ1952 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሁለት ሰዎች ተፋጠጡ። በአንድ በኩል የጦር ጀግናው ድዋይት አይዘንሃወር፣ በሌላ በኩል የኢሊኖይ ገዢ አድላይ ስቲቨንሰን። ስቲቨንሰን አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ንግግሩ የተዋበ ነው፣ ራሱም መላጣ ነው። ስቱዋርት አልሶፕ የተባለ የጋዜጣ አምደኛ ምሁራን ስቲቨንሰንን እንደሚወዱት ለወንድሙ ለጆን ሲያነሣለት ጆን፣ «እንቁላል ራሶቹ» ሁሉ ይወዱታል፤ ግን ስንት እንቁላል ራስ አለ? የሚል መልስ ሰጠው ይባላል። አምደኛው ጻፈው፣ አገሩ አነሣው፣ «ኤግሄድ» ተወለደ።

ስድቡ የሠራው ለምን ይመስላችኋል? ዘመኑ የሴናተር ማካርቲ ዘመን ነበር። ብዙ ያነበበ ሰው በኮሚኒስትነት ይጠረጠራል። ስቲቨንሰን 442 ለ89 በሆነ የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ተሸነፈ። በ1956 ደግሞ 457 ለ73። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ምሁራንን የሚያሸማቅቀው ዘመቻ የተካሄደላቸው አይዘንሃወር ከ1948 ጀምሮ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 1957 መጣ። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ላከች። አሜሪካ ደነገጠች። ትናንት የተሳቀባቸው እንቁላል ራሶች ዛሬ የትም ተፈልገው የማይገኙ ሆኑ። በመስከረም 1958 አይዘንሃወር ራሳቸው ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለቋንቋ ትምህርት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ፈረሙ። በቋንቋውም «ሮኬት ሳይንቲስት» የብልህ ሁሉ መለኪያ ሆነ። በ1980ዎቹ የተስፋፋው «ይኼ እኮ ሮኬት ሳይንስ አይደለም» የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳንረሳ። ከአሜሪካ ሮኬት ሠሪዎች ዋነኛው ቬርነር ፎን ብራውን ከናዚ ጀርመን የመጣ ነው። ለሂትለር የሠራው ቪ-2 ሮኬት የተመረተው እስረኞች በባርነት እየሞቱ በሠሩበት ፋብሪካ ነው። ብልህነትና ደግነት በአንድ ቤት አይኖሩም አልልም፤ ግን የተጋቡም አይደሉም።

«ከልክ ያለፈ ብልጥ» እና አፍሪካ

እንግሊዞች አንድ የሚያቆስል አባባል አላቸው፤ «ቱ ክሌቨር ባይ ሃፍ»። ብልህነቱ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። አባባሉ የቆየ ቢሆንም ታሪክ የሚያስታውሰው በመጋቢት 1961 የተነገረውን ነው። ሰዓቱ የአፍሪካ ነጻነት ሰዓት ነበር። የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ኢየን ማክላውድ ኃስቲንግስ ባንዳን ከእስር ፈትተዋል፣ በላንካስተር ሃውስ ጉባኤ የኬንያ አፍሪካውያን በምክር ቤት ብዙኃን እንዲሆኑ መንገድ ከፍተዋል። ይህ ያንገበገባቸው ሎርድ ሳልዝበሪ በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥተው ሚኒስትሩን በዚህ አባባል ወጉት። በካርታ ጨዋታ የታወቁትን ማክላውድን የነጭ ሰፋሪዎችን ጉዳይ እንደ ካርታ ይጫወቱበታል አሉ።

ልብ በሉ፤ ሎርዱ «ተሳስቷል» አላሉም። ስህተቱን ማሳየት ክርክር ይጠይቃል። «ከልክ ያለፈ ብልጥ» ማለት ግን ክርክር አይጠይቅም፤ ብልህነቱን ራሱን ጥፋት ያደርገዋል። ማክላውድ በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሥልጣኑ ተዛወሩ። አባባሉም ከስማቸው ሳይለይ በ1970 ሞቱ። የታሪኩ ሂደት ግን አልቆመም። ታንጋኒካ በ1961 መጨረሻ፣ ኬንያ በ1963 ነጻ ወጡ።

ከዶሮ ራስ ነካሽ እስከ ቢሊየነር

የዘመናችንን ቃላት በአጭሩ። «ጊክ» በአንድ ወቅት በዘዋሪ የትርኢት ድንኳን ውስጥ ገንዘብ እየተከፈለው የዶሮ ራስ በጥርሱ የሚነቅል ምስኪን ነበር። «ኔርድ» በ1950 በዶክተር ሱስ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የአንድ እንግዳ ፍጡር ስም ሆኖ ታየ። በዓመቱ ደግሞ ኒውስዊክ የዲትሮይት ወጣቶች ደባሪውን ልጅ እንዲህ እንደሚሉት ዘገበ። ኮምፒውተር መጣ፣ ገንዘቡም ተከተለው፤ ሁለቱም ስድቦች ሰዎች ደረታቸውን ነፍተው የሚጠሩባቸው ሆኑ። ቃላቱን ያነጻቸው ትሕትና አይደለም፤ የባንክ ደብተር ነው።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ያወራሁት በፈረንጅ ለመሳቅ አይደለም። የእኛው አማርኛ ከ«ጥበብ» ሥር ጠቢብን አውጥቶ አነገሠው። ከዚያው ሥር ጠይብን አውጥቶ ደግሞ ቡዳ ነው ብሎ ሸሸው። ማረሻውን የሠራለትን፣ ድስቱን የሠራችለትን! «ካኒንግ» በእንግሊዝ መንደር የደረሰበት ዕጣ በእኛም መንደር ደርሷል። ብልህና ብልጥም ጎረቤታሞች ናቸው፤ የቱ እንደሚሰጣችሁ የሚወስነው አእምሯችሁ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው ምን ያህል እንደሚወዳችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያም በኋላ ቃለ መጠይቁ፣ ስብሰባው፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሳናውቀው እንግሊዝኛ የሚፈስለትን ሁሉ «ብራይት»፣ የሚንተባተበውን ሁሉ ደካማ ማለት ለምደናል። በፊዚክስ ክፍል የምትጨነቀው ልጅ ፊዚክሱ አልገባት ይሆናል። ወይም ፊዚክሱ ገብቷት እንግሊዝኛው ይሆናል የያዛት። ሁለቱን ሳንለይ ማርክ እንሰጣለን፣ ስምም እናወጣለን። የጎዳርድ ፈተናም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ የሚለካውንና የማይለካውን ሳይለይ።

እንግሊዝኛ ይማሩ፣ ይጠቀሙ፤ እኔም እጠቀማለሁ። ቋንቋ መሣሪያ ነው። ግን ብልህነትን የሚመዝን ሚዛን አይደለም። ራሱ እንግሊዝኛ ለስንት መቶ ዓመት ብልሁን ማን እንደሚለው ሲወዛገብ ኖሯል፤ ካልሲ ሲያይ፣ ግንባር ሲለካ፣ መላጣ ሲቆጥር። እኛ ደግሞ የእሱን ሚዛን ተውሰን የራሳችንን ልጆች ባንመዝን መልካም ነው።

ቸር እንሰንብት።